በድብቅ የተቆረጠ እንጥል

ሕፃኑ ሳል ሲበረታበት፣ አያቱ እናቱ ሥራ በዋለችበት ቀን እንጥሉን በድብቅ አስቆረጠችው፤ ይሻለዋል ብላ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት አጋየውና ሆስፒታል ገባ።

«እማማ፣ መቼና በምን እንደተቆረጠ ይንገሩኝ፤ መድኃኒቱን የምመርጠው በዚያ ነው» አላት ሐኪሙ።

አያት አቀረቀረች። ልጇ አጠገቧ ቆማ ታለቅሳለች። በዚያ ላይ ጠዋት ነርሷ ኮልታፋ አማርኛዋን ሰምታ፣ «እናንተ ባላገሮች መቼ ነው የምትሠለጥኑት?» ብላታለች።

«እኔ ምን ዐውቄ፣ ልጄ» አለች።

ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። የእጅ ባትሪውን አስጨበጣትና የራሱን አፍ በሰፊው ከፈተላት። ብታበራ፣ እንጥል የለውም።

«የእኔንም አያቴ ናት ያስቆረጠችው» አላት በአገውኛ።

«ሰኞ ነው» አለች በገዛ ቋንቋዋ። «በምላጭ። በዚያው ምላጭ ከእሱ በፊት የሌላ ልጅ ቆርጠውበታል፤ አይቼ ዝም አልኩ።»