ቅዳሜን ያልጠበቀ መርዶ

ከዊተን ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚወርደው የጠዋት ባቡር፣ የመጨረሻው ፉርጎ የኋላ ጥግ የሐበሻ ሴቶች ነው። እንዲህ የሚል ማስታወቂያ የትም አልተለጠፈም። ግን ሆቴል የሚያጸዱት፣ ፓርኪንግ የሚሠሩት፣ ሕፃን የሚይዙት ሴቶች ባቡሩ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ እዚያች ጥግ ተጠጋግተው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አንድ ታክሲ ነጂ ደፍሮ መሃላቸው ቢቀመጥ፣ በነገር ሲወጉት የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ወርዶ ሄዷል።

ታደለች እዚያች ጥግ ውስጥ አንዲት ጠላት ነበረቻት፤ ካሰች። ባሏ ዓብዩ ጥሏት እዚያው ዲሲ አጠገብ አሌክሳንድሪያ ሌላ ሴት ቤት የገባ ጊዜ፣ ታደለች ገመናዋን ለካሰች ብቻ ነገረቻት። በማግስቱ ፉርጎው ሁሉ ሰምቶ ጠበቃት። «አይዞሽ» ያላላት አልነበረም። ያ አይዞሽ አንጀቷን እንዳሳረራት ዓመት ሞላው። በሰው ፊት ያዋረደቻትን በሰው ፊት ሳታቃጥላት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቃለች።

ረቡዕ ዕለት ቀኑ የደረሰላት መሰላት። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ስትሳፈር ሴቶቹ ወሬያቸውን ድንገት አቋረጡ። ካሰች አልነበረችም። ታደለች መቀመጫ አጥታ ብረቱን ይዛ ቆመች። ከሥሯ የተቀመጠችው ናዝራዊት ስልኳን ከፈት ስታደርግ፣ ጽሑፉን ከላይ ሆና አነበበችው።

«እናቷ አርፈዋል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ እንዳትሰማ።»

ናዝራዊት ቀና ብላ አየቻትና ስልኳን ቶሎ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው።

ታደለች የማን እናት ብላ አልጠየቀችም። የካሰች እናት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከገቡ ወር አልፏቸዋል፤ ካሰች «ጸሎት አድርጉልኝ» ያላለችው ሰው የለም። ታደለች ደስ አላት። ደስ ማለቷ ትንሽ አሳፈራት፤ ግን ደስ አላት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለእናቷ ልታወራላት ሀገር ቤት ደወለች። ወንድሟ ንጉሡ አነሳና፣ እማዬ ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም አላት። ወሬ ሲኖራት እናቷን አግኝታት አታውቅም። ተናዳ ዘጋችው።

አርብ ጠዋት ካሰች መጥታ ነበር። ታደለችን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ነይ ታዱዬ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ቁርስ በልተሻል?»

ዓመት ሙሉ ከአንገት በላይ ነበር ሰላም የሚባባሉት። አሁን ነው የታወሰሽ፣ አለች ታደለች በልቧ፣ እንደቆመችም ቀረች።

የሁሉም ታላቅ የሆኑት እትዬ እታለማሁ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ነገ ኦፍ ነሽ አይደል፣ ልጄ?»

«ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባም። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ለመርዶው እኔንም ሊጠሩኝ ነው ማለት ነው፣ አለች ታደለች። ቅዳሜ ድረስ ማን ይጠብቃል። ቅዳሜ ካሰችን የሚደግፋት፣ ፊቷን የሚያጥባት ሞልቶ ተርፎ ይኖራል። ዛሬ ግን ሥራ የሚሄድ ባዕድ ሁሉ እያያት ትጮሃለች።

ባቡሩ ከታኮማ ጣቢያ ሲነሳ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ካሰች፣ እነዚህ ሁሉ የደበቁሽ ነገር አለ።»

«ተይ ታደለች!» አሉ እትዬ እታለማሁ።

«እናትሽ ሞተዋል። ከአንቺ በቀር ሁሉም ያውቃል። ነገ ሊያረዱሽ ነው። እኔ ግን እንዳደረግሽኝ ላድርግሽ፣ ሰው ፊት ስሚው ብዬ ነው።»

ጩኸቱን ጠበቀች። ዓመት ሙሉ የተመኘችው ጩኸት ነበር።

ካሰች አልጮኸችም። እትዬ እታለማሁ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ናዝራዊት ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ታደለች ተጠጉ። ካሰች ሁለት እጇን ዘርግታ አጥብቃ አቀፈቻት።

«ታዱዬ፣ እኔ እኮ እናቴን አሁን ዊተን ላይ በስልክ አናግሬያቸው ነው የተሳፈርኩት።»