አንዱን ገልብጦ መደረብ

«እሳቸው አይደሉም» አሉ መሪጌታ አወቀ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «የኔታ አይደሉም። የሆነ ሰው እሳቸውን ሲያስመስል ነው።»

አንተነህ ቁልፉን ተጭኖ የአባቱን ድምፅ አቆመ። ምንም አልተሰማውም። ነገ አርባ ቀን ይሞላል፤ እስከ ዛሬ ምንም አልተሰማውም። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል የተቀበሩ ዕለት ያ ሁሉ ለቀስተኛ ደረቱን ሲደቃ፣ እሱ የሚያስበው ስለ ድምፅ ማጉያው ፉጨት ነበር፤ ማይኩን ከስፒከሩ ፊት ለፊት ማን አባቱ እንዳቆመው። ሰዎቹ «ደንግጦ ነው፣ ውሎ ሲያድር ያለቅሳል» አሉ። ዋለ፣ አደረ፤ አላለቀሰም።

ስቱዲዮው ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል፤ የሰርግ ዘፈንም መዝሙርም የሱቅ ማስታወቂያም ይቀዳባታል። በጥር ወር፣ ሕመሙ ሳይጠናባቸው፣ አባቱ ዜማ ከሚያስተምሩበት ከይጁቤ መጥተው እዚህችው ወንበር ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ አዜሙ። «ጆሮዬን አትሸፍነው» ብለው ማዳመጫውን እንቢ አሉ። ሲጨርሱ ማይኩ ገና ክፍት ሳለ «ይበቃሃል አንተነህ?» ብለው ጠየቁት። የእሱ ድምፅ እንዳይገባበት ብሎ ራሱን ብቻ ነቀነቀላቸው። ከዚህ ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም።

የተቀዳበት ኮምፒውተር አርጅቶ በየመሐሉ እየጠፋ ሲያስቸግረው፣ አንተነህ ድምፁን ላፕቶፑ ላይ ወዳለ ሌላ የመቅጃ ፕሮግራም አዛወረው። ነገ ተዝካሩ ላይ ለተማሪዎቹ ሊሰጥ ነው። መሪጌታ አወቀ ከአባቱ እግር ሥር አሥራ አራት ዓመት የተማሩ፣ አሁን ወንበራቸውን የወረሱ ሰው ናቸው። እሳቸው «የየኔታ ድምፅ ነው» ካላሉ ያን ቅጂ አንድም ተማሪ አይሰማውም።

«በአሮጌው ስትቀዳ እዚሁ ነበርሁ» አሉ። «ያን ለት መልሰህ አሰማኸን። ሙሉ ነበር። ይኼ ሳስቷል። አዲሱ ነገርህ በልቶታል።»

«ፕሮግራም ድምፅ አይበላም፣ መሪጌታ። የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይሰጣል።»

«የኔታ ቁጥር ናቸው?»

ክርክሩ ለአንተነህም አዲስ አይደለም፤ ቀጂዎች ሲገናኙ አንዱ የኔ ፕሮግራም ይሞቃል፣ ሌላው የኔ ይጠራል እየተባባሉ ቢራው እስኪሞቅ ይከራከሩበታል። እሱም ድሮ ተከራክሯል። አሁን ግን አበላሽቼው ቢሆንስ የሚል አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ሐሳቡም ቢሆን እንደ ሰው ወሬ ከሩቅ ነበር የመጣው።

አሮጌውን ኮምፒውተር በመከራ አስነሣና ድምፁን ከዚያው ከመጀመሪያው ፕሮግራም አውጥቶ በፍላሽ አመጣው። መሪጌታ ሳይነገራቸው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተማሪ ዜማ ሲያሰማቸውም ልማዳቸው ይኸው ነው። ፊት ያደላል፣ ጆሮ ብቻውን ይፍረድ ይላሉ። ከየኔታ የወረሱት ነው።

አንተነህ አንዴ አሰማቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ደገመ።

«የፊተኛው» አሉ ወዲያው። «የፊተኛው እሳቸው ናቸው። የኋለኛው አይደሉም።»

አንተነህ ሁለቴም ያሰማቸው ያንኑ ከአዲሱ የወጣውን ነበር። ዜማ የሳተ ተማሪ ጆሮውን ይቆነጠጣል፤ የመሪጌታን ጆሮ ማን ይቆነጥጣል?

«ልክ ነኝ?»

«ሌላ መንገድ አለ» አላቸው። «የአሮጌውንና የአዲሱን ደርቤ እኩል አስነሣቸዋለሁ፤ ግን አንዱን ገልብጬ። ያኛው ሽቅብ ሲል ይኼኛው ቁልቁል ይላል። እኩል ከሆኑ ይጠፋፋሉ። አዲሱ የበላው ካለ፣ የተበላው ብቻ ይሰማናል።»

«በል እስቲ።»

ቁልፉን ተጫነ። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፤ ቆርቆሮው ላይ የሐምሌ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል።

«አቆምኸው?»

«አላቆምሁትም። ሁለቱም እየሄዱ ነው።»

መሪጌታ ከነወንበራቸው ተስበው ጆሮአቸውን ስፒከሩ ላይ አደረጉ። የስፒከሩን ድምፅ አንተነህ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የአባቱ ድምፅ ሁለት መስመር ሆኖ ይነጉዳል፤ ላይኛው ሲያብጥ ታችኛውም ያብጣል። ክፍሉ ውስጥ ግን ምንም የለም።

«ምንም የለም» አሉ መሪጌታ ብዙ ቆይተው። እንደገና አዳመጡ። «አንዲት ትንፋሽ እንኳ።»

«አዎ።»

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ያን ለት ሳዳምጥ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሳቸው እዚህ አጠገቤ ነበሩ።»

አንተነህ ሊያቆመው እጁን ዘረጋ። ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ድምፁ አልተበላሸም፤ ነገ ለተማሪዎቹ ይሰጣል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ግን አልተጫነውም፤ መስመሮቹን ማየት ቀጠለ። መሪጌታም እንዲቆም አልጠየቁም።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ዜማው አለቀና መስመሮቹ ተኙ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጉብታ ብቅ አለች። በዓይኑ ያውቃታል። ለተማሪዎቹ ከሚሰጠው ቅጂ ሊቆርጣት ስንት ጊዜ መርጧት ስንት ጊዜ ትቷታል። አባቱ «ይበቃሃል?» ብለው ይጠይቁታል፤ በሁለቱም መስመር፣ በአንድ አፍታ፤ ምንም አይሰማም።

«አልበቃኝም» አለ አንተነህ።

ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። መሪጌታ አወቀ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ወንበራቸውን መልሰው ወደ ግድግዳው አዞሩ።