ያልተቀመሰው ቡና

በዓረቦች ልማድ፣ ልመና ይዞ የመጣ እንግዳ የቀረበለትን ቡና ሳይቀምስ ያስቀምጣል፤ የቤቱ ጌታ «ጉዳይህ ምንድን ነው?» ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ ቀድሞ መናገር ነውር ነው። ሽማግሌው ዲፕሎማት ጦር የተማዘዙ የዓረብ መሪዎችን ሲያስታርቅ የኖረው በዚሁ ባልተጠጣ ሲኒ ነው።

ጡረታ ሲወጣ ልጁ ሪማ ዘንድ ፓሪስ ሄደ። እሱ በየድርድሩ ሲንከራተት፣ እሷ ከእናቷ ጋር እዚያው ነው ያደገችው። «ይቅር በይኝ» ሊላት ነበር አመጣጡ።

ቡና አቀረበችለት። ተቀብሎ ሳይቀምስ አስቀመጠና ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቀ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ሪማ ሰዓቷን አየች።

«ቡና ትተዋል እንዴ፣ አባባ? ደግ አደረጉ፤ ለልብዎም አይስማማም» አለችና ሲኒውን አንስታ እቃ ማጠቢያው ላይ ደፋችው።