አስቸጋሪው ደንበኛ

ሥልጠናው ግዴታ ስለሆነ ወኪሎቹ በሙሉ ተገኝተዋል፤ ግማሾቹ ለሥራ ፈቃዱ፣ ግማሾቹ ለምሳው። የሚሸጡት፣ ሰው አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል አስታማሚ የሚቀጥርለት ኢንሹራንስ ነው።

አሰልጣኙ ይትባረክ ከረባቱን እያስተካከለ፣ «ደንበኛው ‹ልጅ አለኝ› ካላችሁ እንዳትለቁት» አለ። «ልጅ ሥራ አለው፣ ልጅ ትዳር አለው። በዚህ ዘመን አባቱን የሚጦር ልጅ ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልኝ።»

ከዚያ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውን ሽማግሌ «አስቸጋሪው ደንበኛ እሳቸው ናቸው» ብሎ ወኪሎቹን በየተራ ላከባቸው።

«ልጅ አለኝ» ይላሉ ሽማግሌው። ወኪሉ ያጠናውን ሁሉ ሲያወርድባቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተው፣ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ይመርቁታል። ምርቃት ተቀብሎ ደግሞ ማን ይከራከራል? ሁሉም «አሜን» እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ይሄን የመሰለ ተዋናይ ከየት አመጡት?» ተባባሉ ከኋላ።

በመጨረሻ ምርቃት የማይበግራት አንዲት ወኪል ተነሳች። «አሜን አባባ። ግን ልጅዎ ሥራ ሲሄድ እርስዎ የት ይውላሉ?»

ሽማግሌው ጥያቄው ግራ ገባቸው። «አብሬው ነዋ» አሉና ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። «ይትባረክ፣ ሽንቴ መጣ።»

አሰልጣኙ ማርከሩን አስቀመጠ። «እሺ አባዬ» አለና ክንዳቸውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ አነሳቸው።

ከኋላ ወንበር አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳቸው።