የጋሽ ተካልኝ ሰንጠረዥ

«ዛሬስ?» አሉ እማማ ትርንጎ፣ እንደ ሁልጊዜው የማሳደጊያው ቢሮ በር ላይ ቆመው። በድርቁ ዘመን ለሕፃናት ማሳደጊያው የሰጧት ልጃቸው የት እንደተላከች የተመዘገበው በቢሮው አሮጌ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ያ ማሽን ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ስለጻፈ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ፋይሉን ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንበታል። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ያዘጋጁት ጋሽ ተካልኝ ደግሞ አርፈዋል።

«ዛሬ ሳይሻል አይቀርም፤ ይግቡ» አለች ፋይሉን ለማንበብ የምትሞክረው የኮምፒውተር ባለሙያ። ጠዋት የጋሽ ተካልኝን የድሮ የሥራ ባልደረባ በስልክ አግኝታቸዋለች።

«ሰንጠረዡማ አለ» ብለዋታል ሽማግሌው። «ወረቀት ይጠፋል ብሎ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው የጻፈው፤ የመጨረሻው ፋይል ነው። በንጹሕ አማርኛ፣ ቁጥሩ ሳይቀር በግዕዝ። አንድ የፈረንጅ ፊደል አታገኚበትም።»

እማማ ትርንጎ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ፋይሉ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ነው።

ባለሙያዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ማንበብ የማያውቁት እናት ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ይኸ ሁሉ ጽሑፍ ወጣልሽ» አሉ። «የሷ ስም የትኛው ነው፣ ልጄ?»