የሰጪው አውራ ጣት

ታናሽየው ልጅ የአባቱን ጠመንጃ ወደ ስሙ ሊያዛውር የጦር መሣሪያ ፈቃድ ክፍል ሲገባ የስጦታ ውሉን በደረት ኪሱ ይዞ ነበር። አባትየው ጠመንጃውን የተናዘዙት ለታላቅ እህቱ ነው። እሱ ግን ሬሳቸው ሳይገነዝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክሮ ውሉ ላይ አተመው። ከቀብሩ ወዲህ እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

"ሰጪው ራሳቸው እፊቴ ማተም አለባቸው" አለች ጸሐፊዋ።

"አባባ አሟቸው ተኝተዋል" አለ፤ ፊቱ ፍም መሰለ።

"ምን ነካህ ወንድሜ? ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ጥግ ተቀምጠው እየጠበቁህ! ጣታቸው ግን ደርቆ ለማተም እምቢ አላቸው። 'ልጄ ይያዝልኝ፤ ያኔም የያዘልኝ እሱ ነው' ብለዋል።"

ከኋላው ወንበር ሲጢጥ አለ። በትከሻው በኩል አንድ እጅ ተዘረጋ፤ አውራ ጣቱ ላይ ያኔ የነከረበት ቀለም እስካሁን አልለቀቀም።