ወንድ ጅብ

በዚህ ዘመን ዳንሰኛ እንስሳን አይኮርጅም፤ የእንስሳው እንቅስቃሴ በመርፌ ይሰጠዋል፣ ዓመት እስኪሞላውም ከሰውነቱ አይወጣም። የዳንስ አቀናባሪው ባሌ ይድነቃቸው አምና «ወንድ» ለሚለው ትርኢቱ የአንበሳ መርፌ ተወጋ። መድረክ ላይ ተጨበጨበለት። ቤት ውስጥ ግን እሱ በልቶ እስኪጠግብ እኔና ልጄ ሶልያና ገበታው አጠገብ አንደርስም ነበር። አንድ ቀን ቀድማው እጇን ብትሰድ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

«የአንበሳው ጠባይ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ከአንበሳ የባሰ አስፈሪ ወንድ መሆን አማረው።

«ጅብ ተወጋ» አልኩት። «ወንድ ጅብ።»

«አበጀሽ» ብሎኝ ሊወጋ ሄደ። ስለ ጅብ የሚያውቀው ጩኸቱንና መንጋጋውን ብቻ ነው። እኔ ግን «ይሄ ዳንስ የወንድ ነው» ብሎ ከመድረክ ሳያስወጣኝ በፊት፣ እንቅስቃሴያቸውን ላጠና ጅቦችን ስከታተል ከርሜ ነበር።

ትናንት ምሳ አቀረብኩ። ይድነቃቸው እጁን ታጥቦ ወደ ገበታው ሲመጣ ሳይወድ ጉልበቱ ታጠፈ። አንገቱን ደፍቶ በሩ ጥግ ተቀመጠ።

«ምን አድርገሽኝ ነው?» አለ።

«የጅቡ ጠባይ ነው። በጅቦች ዘንድ ወንዱ የሚበላው ከሴቶቹና ከልጆቻቸው በኋላ ነው።»

ሶልያናን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ቀስ ብለሽ ብይ፣ የኔ እናት» አልኳት። «አባትሽ ይጠብቃል።»